ምድጃው የነበረበት ግድግዳ

ኤርቪን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ሲሌዥያ በሚባል የማዕድን አገር የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ጣሪያ ተደርምሶ አራት ቀን ከመሬት በታች ተቀብሮ ቆየ። ከናዳው ማዶ የሥራ ጓደኛው ቴኦፊል ነበር። አይተያዩም፤ ግን አንድ የብረት ቧንቧ በመካከላቸው ያልፋል። የጉድጓድ ሰው ሕግ አጭር ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ የሰማ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። «አለህ?» «አለሁ» እየተባባሉ ሦስት ቀን ገፉ። በአራተኛው ቀን ቴኦፊል ሲያንኳኳ ኤርቪን እጁን ማንሳት አቃተውና ትንሽ ልረፍ አለ። ቴኦፊል ደገመ። ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ አንኳኳ። ከዚያ ዝም አለ። አዳኞች በሕይወት ያወጡት ኤርቪንን ብቻ ነበር።

የቤቱ የብረት ምድጃ እሳቱ ሲበርድ፣ እንደ ማንኛውም ብረት፣ ቋ ቋ ይላል። ኤርቪን ከሃምሳ ዓመት በላይ በእሳት መቆስቆሻው ሦስት ጊዜ እያንኳኳ ሲመልስለት ኖረ።

«ከምድጃው ጋር ሰላምታ ጀመርክ ደግሞ?» ትለዋለች ሚስቱ ትሩዳ። «ለእኔ እንዲህ ቶሎ መልሰህ ታውቃለህ?»

ምክንያቱን ነግሯት አያውቅም።

ምድጃውን ያስነቀለው የትሩዳ ሳንባ ነው። ሐኪሙ አንድ ክረምት እንኳ በከሰል ጭስ ውስጥ መክረም እንደሌለባት ቁርጡን ነገራቸው። መንግሥት ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ቤት ለሚያሞቅ ማሽን ድጎማ ይሰጥ ነበርና አመለከቱ። ደንቡ ጥብቅ ነው። ምድጃው ተሰባብሮ መወገድ አለበት፤ በቤቱ ሌላ የከሰል እሳት ከተገኘ ድጎማው ይቀራል፣ ማሽኑም ተነቅሎ ይሄዳል። ኤርቪን ምድጃውን በገዛ እጁ ሰባበረ። ግንበኛ ጠርቶም የጭስ ማውጫውን በጡብ አስደፈነ፤ ማሽኑም ተተከለ።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ ከተደፈነው ግድግዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ማሽኑ ነዋ» አለች ትሩዳ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል።

ማሽኑ ግን ጠፍቶ ነበር። ኤርቪን ግድግዳውን ቢዳስሰው ይፋጃል። መዳፉን ሲያነሳ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ጠቁሯል። በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ ግድግዳው ቀስ በቀስ በረደ። ከዚያ ወዲያ በየረፋዱ እንዲሁ ሆነ።

የድጎማው ተቆጣጣሪ ቤርናዴታ የመጣችው አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ነው። ቅጿን እየሞላች ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚያግለው? ከጀርባው ሌላ ምድጃ ደብቃችኋል?»

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

«ምንም የሌለበት ግድግዳ እንዲህ አይፋጅም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንዳየሁት ነው የምጽፈው።»

ትሩዳን ሳል ያዛት። በዚህ መሃል ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ።

«ማነው እዚያ ውስጥ?» አለች ቤርናዴታ።

ኤርቪን እጁን ኪሱ ከተተ። ከመለሰ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ከግድግዳው ጀርባ አለ ብላ ትጽፋለች፤ ትሩዳም ወደ ጭሱ ትመለሳለች። ግድግዳው ደገመ። ኤርቪን ጥርሱን ነከሰ። ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ ተንኳኳ።

ያቺን አንዲት ድምፅ ያውቃታል። እጁን አወጣና ሦስት ጊዜ መለሰ።

«ቴኦፊል ነው» አለ፤ የአራቱን ቀን ነገርም እንደቆመ ተናገረ።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ!» አለች ትሩዳ። «እኔ ሞኟ በብረት ስቀና!»

ቤርናዴታ አልሳቀችም። ግድግዳው በርዶ ነበር፤ ዳሰሰችውና የጠቆረ መዳፏን ስታይ ቆየች።

«አባቴም የጉድጓድ ሰው ነበር» አለች። «አንድ ቀን ገብቶ አልወጣም።»

ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ከውስጥ የመለሱት ሁለት እጆች ነበሩ፤ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ተከትሎ።

«እሳት አልተገኘም» ብላ ጽፋ ፈረመች። የጣቷ ጥቁር አሻራ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ትሩዳ ያንን ክረምት ሳትስል ከረመች። ኤርቪንን ስለዚያ አደጋ የሚጠይቁት ሰዎች ዛሬም አሉ።

«መትረፌን ትልቅ ነገር ታደርጉታላችሁ» ይላቸዋል። «ለእኔ ትልቁ ነገር ሰው ሲጠራህ አለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ሁለተኛ ግን አልደገምኩትም።»