ሁሉ የተፈቀደበት ረቡዕ

አዲስ የልጅ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተው የላስቲክና የማጣበቂያ ሽታ ሌላውን ሰው ደስ ይለው ይሆናል፣ እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል። ባለፈው ሳምንት ሶዶ ገበያ ውስጥ ለልጄ ጫማ ስመርጥ ሻጩ አንዱን አውጥቶ ፊቴ ላይ ሲያቀርብልኝ፣ የልጄን እጅ እንደያዝኩ እኔው ልጅ ሆንኩና፣ አባቴ ከጎኔ ቆሞ «የወደድሽውን ውሰጂ» ሲለኝ ሰማሁት። አባቴ እንዲህ ያለኝ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እናቴ የሞተችበት ረቡዕ ነበር።

የምንኖረው አረካ ነበር። አባቴ የሂሳብ አስተማሪ፣ ንግግሩም ፈገግታውም ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። እናቴ ግን ጨዋታ ትወድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ እንኳ መዝሙሩ እስኪጀመር ጎረቤቷን በክርኗ ነካ እያደረገች ታስቅ እንደነበር ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሱልኛል። ሆዷን ማመም የጀመራት በበልግ፣ ሰው ሁሉ ጓሮውን በሚቆፍርበት ሰሞን ነው። በመጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የሚያቃጥለውን ዳጣ አታብዢ ተባለች፣ በኋላ ወደ ሶዶ ተላከች፤ ሐኪሙ እንደ እሷ ያሉትን የሚያየው ረቡዕ ረቡዕ ስለነበር፣ ሦስታችን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን የዳሞታ ተራራን ግርጌ ይዘን ሶዶ እንገባ ነበር። አባቴ አስተማሪ ሆኖ ልጁን ከትምህርት ማስቀረቱ ያሳፍረው ነበር፣ እናቴ ግን «አስቴር ካልመጣች እኔም አልሄድም» ብላ ድርቅ ትል ነበር።

እሷ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ፣ አባቴ እንዳልሰለች ብሎ ከተማውን ያዞረኝ ነበር። ማዞር ማለት ግን ማሳየት ብቻ ነበር። ባጃጅ እናያለን፣ አንሳፈርም፤ ጭማቂ ቤት በር ላይ ቆመን አቮካዶና ማንጎ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሳይደባለቅ ተደራርቦ ሲቀመጥ እናያለን፣ አንጠጣም፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለው የጋሽ ወልዴ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ የተደረደሩትን ሙሽሮች እናያለን፣ እኛ አንነሳም። ልለምነው አፌን ስከፍት «ረቡዕ መቼ አለቀ!» ይለኛል፣ እኔም አምኜው ምኞቴን ለሚቀጥለው ረቡዕ አስተላልፍ ነበር።

ስንመለስ እናቴ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ሆዷ ላይ እየተጫነች፣ «በይ፣ ዛሬ ምን ምን አየሽ?» ትለኝ ነበር። ያየሁትን እነግራታለሁ፣ ሲያልቅብኝ ደግሞ እጨምርበታለሁ። ባጃጁ ተገልብጦ ዶሮዎች ወጡበት፣ ሙሽራዋ ከፎቶው ውስጥ ጠቀሰችኝ እላታለሁ፣ እሷም ሳቁ ሆዷን እያሳመማት ትስቃለች። አባቴ «ልጅቷን ውሸት አታለማምጃት» ሲላት፣ «ተዋት፣ ትንገረኝ፤ እኔ እኮ ከዚያ አግዳሚ በቀር ያየሁት ከተማ የለም» አለችው አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ አባቴ ስለ ውሸቴ ተናግሮ አያውቅም።

ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ እናቴም ከሳች። ወሬዬን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፣ እኔም ቅር እያለኝ የቀረውን ለመስኮቱ እነግር ነበር። እንደ ሰፈራችን ሴቶች ሁሉ እሷም ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዓመቱን ሙሉ በማሰሮ ቅቤ ስታጠራቅም ከርማ ነበር፤ ወንዶቹ ለሚታረደው በሬ ያዋጣሉ፣ ቅቤው የሴቶቹ ነው። ነሐሴ ላይ ሆስፒታል ልትተኛ ስትሄድ በር ላይ ዞር ብላ፣ «ማሰሮዬን ማንም እንዳይነካብኝ፣ ለጊፋታ መጥቼ ራሴ ነው የምከፍተው» አለች።

መስከረም ጠባ፣ ሜዳው ቢጫ ለበሰ። በዚያ ረቡዕ ከአባቴ ጋር ሆስፒታሉ በር ስንደርስ እናቴን የምታስታምመው የአባቴ እህት፣ አክስቴ አበበች፣ ከአጎቴ ጋር ውጭ ቆማ ነበር። ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብላ በወላይትኛ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ግንቡን በመዳፉ ተደግፎ ቆየና መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ዛሬ ጠያቂ አያስገቡም፣ ነይ ከተማ እንዙር» አለኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ። ቤት ተገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። አጎቴ አስከሬኑን ተረክቦ ሊወስድ፣ አክስቴ ቀድማ አረካ ገብታ ድንኳን ልታስተክል ሲሄዱ፣ ለአባቴ የቀረው ሥራ እኔን ይዞ መዞር ነበር።

ባጃጅ ተሳፈርን። ከተማውን ከላይ እስከ ታች ስንወርደው እኔ እጮኻለሁ፣ አባቴ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀምጧል። ጭማቂ ቤት ገባን፤ የኔን ጠጥቼ ስጨርስ የእሱ ብርጭቆ እንደተቀዳ ነበር፣ ቆይቶ ቆይቶ አረንጓዴውና ቢጫው ተደባለቀ፣ «አልፈለግኩም፣ ጨምሪ» አለኝና እሱንም ጠጣሁለት። ጫማ ቤት ገብተን ቀዩን ስመርጥ ሻጩ ሌላም ያሳየኝ ጀመር፣ አባቴ «የወደድሽውን ውሰጂ» አለኝ። ከተማውን ከላይ እንዳይ ፎቅ ላይ እንኳ አወጣኝ። ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ልጅ ሲደላው መች ይጠይቃል?

መጨረሻ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ገባን። ጋሽ ወልዴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ሶዶ የከተመ፣ ልጅ ሲያነሳ ዶሮም በግም ሆኖ የሚጮህ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመን ስንት ቀን ሰምተነዋል። አባቴ ከኪሱ የእናቴን ጉርድ ፎቶ አውጥቶ፣ «ትልቅ አድርግልኝ፣ በፍሬም፣ ለዛሬ» አለው። ጋሽ ወልዴ ፎቶውን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። «እሷንም አንሳልኝ» አለ አባቴ። በዚያን ቀን ጋሽ ወልዴ ዶሮም በግም አልሆነልኝም፣ ሳቂም አላለኝም፤ እኔው ራሴ ጥርሴ እስኪታይ ሳቅሁ። ፎቶው እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ የምናስደስታት ስጦታ መስሎኝ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፍሬም ጉልበቱ ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እኔ ለእናቴ የምነግራትን ጮክ ብዬ አሰናዳ ነበር፤ በዚያ ቀን መጨመር አላስፈለገኝም፣ እውነቱ ሞልቶኛል። «አባዬ፣ ከባጃጁ ልጀምርላት ወይስ ከጫማው?» ስለው ፍሬሙን ወደ ደረቱ አስጠጋና፣ «ከባጃጁ» አለኝ።

በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ገና ሳንደርስ አንዲት ሴት ጋዜጣውን ቀዳ ፎቶውን ከራሷ በላይ ከፍ ስታደርገው ጩኸቱ ቀለጠ፣ አክስቴም ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና፣ ቀይ በለቅሶ ላይ ነውር ነውና ጫማዬን ከእግሬ አወለቀችው። መጀመሪያ ያለቀስኩት ለጫማው ነበር። ሰዎቹ ለእናቴ መስሏቸው «እሰይ፣ አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ይሉኝ ነበር። ማሰሮው የተከፈተው በማግስቱ ነው፤ የጊፋታው ቅቤ ለለቀስተኛ ተሠራ፣ የእናቴን ሙያ እያደነቁ በሉት።

አባቴን ለዓመታት ተቀየምኩት። እናቴ ሬሳዋ እየታጠበ እኔን ጭማቂ አጠጣኝ፣ የሳቅ ፎቶ አስነሳኝ እያልኩ፣ ግድግዳችን ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉትን የሷንና የኔን ፎቶ ቀና ብዬ ማየት እጠላ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ ቀን ቁጣዬን አፈነዳሁበት። እሱ ሲያርም የነበረውን የፈተና ወረቀት ወደ ጎን አድርጎ፣ «አስቴር፣ እሷን እኔ በጠዋት አጣኋት። ለአንቺ እስከ ማታ ትኑርልሽ ብዬ ነው» አለኝ።

አሁን ሶዶ ፎቁ በዝቶ ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቷል፣ ልጄ ጭማቂ ስትጠይቀኝ ሌላ ቀን አልላትም። መርዶም ቤት እስኪገባ አይጠበቅም፣ ከሬሳው ቀድሞ በስልክ ይደርሳል። አምና አባቴ ሲሞት መሥሪያ ቤት ነበርኩ፤ ጠዋት ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ስልኬ ጠራ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ተነሥቼ ከተማው መሐል ወጣሁ፣ ሱቁ ሁሉ ክፍት ነበር፣ አባቴን እስከ ማታ የሚያኖርልኝ ሰው ግን አልነበረም።