የዘበኛው ጋቢና የእኔ ካሜራ

የአክስቴ ልጅ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አለው። ከመፈልፈያው ጀርባ ባለው ግቢ ሸራ ይዘረጋና ከቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች የመጣው ሩዝ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያን ሩዝ ከሰውም ከከብትም የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሥራቸውን እየጣሉ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንደሚሄዱ ጠርጥሯል። ስለዚህ ካሜራ ገዛና ጠራኝ።

«ዘበኛው ካሉ 'ሰው አለ'፣ ከሌሉ 'ሰው የለም' ብሎ ስልኬ ላይ ይንገረኝ። አንድ ቀን 'የለም' ካለኝ በነጋታው ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ» አለኝ።

ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልክ በምጠግንባት ኪዮስኬ ውስጥ ቪዲዮ እያየሁ የለመድኩት ነው። ካሜራውን ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ሰቀልኩና ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፕሮግራም ጫንኩ። ፕሮግራሙ ሰውን ለይቶ ያወቀው ሱሪና ጃኬት ለብሰው አስፋልት ላይ ከሚሄዱ የሩቅ አገር ሰዎች ነው። የእኛ ግቢ ጠዋት የጣና ጭጋግ፣ ቀን የሩዝ ገለፈት ብናኝ ነው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ አንዲት ሸረሪት መስተዋቱ ላይ ድሯን አደራችበት።

ዘበኛው አጥሩ ሥር ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። ማሽኑ በአረንጓዴ መስመር ከበባቸውና «በግ» ብሎ ጻፈ። ሲነሱ «ላም» አላቸው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ግማሽ ቀን «ሰው የለም» ሲል ዋለ። እየሮጠ ሲመጣ ሽማግሌው ቦታቸው ላይ ናቸው። ምትክ ዘበኛ ግን በስልክ አነጋግሮ ጨርሷል።

«አባባ፣ ማሽኑ በግ ይልዎታል» አልኳቸው።

«የክርስቶስ በግ ካለኝማ ምን ከፋኝ። የፋሲካ በግ ብሎ እንዳያሳርደኝ ብቻ!»

ማሽኑ በዚሁ ከቀጠለ በእኔ ጉድለት እንጀራቸው ሊቋረጥ ነው። ስለዚህ ማሽኑን እንደ አዲስ ላስተምረው ወሰንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በጭጋግና በብናኝ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳኋቸው። «እድፍ እንዳይታይ» ብለው ጋቢያቸውን አጠቡት። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ዙሪያቸውን በእጄ አስምሬ «ሰው» ብዬ ጻፍኩ፤ አንድም አልዘለልኩም። ከዚያ በኋላ ጭጋግ ይሁን ብናኝ ማሽኑ አይስታቸውም። ኮራሁ።

ዓርብ ቀን የአክስቴ ልጅ ለንግድ ባሕር ዳር ሄደ። ቀትር ላይ ኪዮስኬ ውስጥ ሳለሁ ደወለልኝ።

«አየህ? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአጥሩ አልተነቃነቁም! በዚህ ፀሐይ፣ በዚያ ጉልበት! ሰው በድያለሁ። ነጋዴዎቹን ሁሉ አሳየኋቸው፣ እንዲህ ያለ ዘበኛ የት ይገኛል አሉኝ። ጃንጥላ ገዝቼላቸው እየመጣሁ ነው።»

ሥዕሉን ከፍቼ አጎላሁት። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ከሥሩ እግር የለም። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ፎቶ ላይ ጋቢው ነበር፤ ፊታቸው ግን አብዛኛው ላይ አይታይም። ማሽኑ የተማረው ሰውን ሳይሆን ጋቢን ነው።

ለዘበኛው ደወልኩ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ።

«ወንዛዬ ነኝ፣ ልጄ። ጉልበቴ ሌሊቱን አላስተኛኝም። ሩዙን ለጎረቤታችን ለሸማኔው አደራ ሰጥቻለሁ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያያል። ጋቢውን አጥቤው ይድረቅ ብዬ ነው እንጂ ተንኮል አላሰብኩም።»

ብናገር ሽማግሌው ይባረራሉ። ዝም ብል ማሽኔ እየዋሸ ይቀጥላል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

«አብደዋል! በአራት እግራቸው ሆነው ጥሬ ሩዜን እየበሉ ነው!»

አየሁት። የሰፈር ላም ገብታ ጋቢውን በቀንዷ ጎትታ ጀርባዋ ላይ ጥላዋለች። በላይዋ በአረንጓዴ «ሰው አለ» ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ላም ናት» አልኩት። «ጋቢው ነው እሷ ላይ ያለው። ጠዋትም የቆመው ጋቢው ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«ሰውየውስ?»

«ወንዛዬ።»

በሹክሹክታ «ነጋዴዎቹ አብረውኝ ተሳፍረዋል፣ ዝም በል» አለኝና ወዲያው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «አዎ፣ አዎ! ጎበዝ ዘበኛ ናቸው፣ ብያለሁ!»

ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ ዘሎ ወጥቶ ላሟን ሲያባርር በካሜራው አየሁ። ማሽኑ ሸማኔውን «ሰው» አላለውም። ጋቢ አልለበሰም።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ፀጉራቸው ሳይደርቅ ደረሱ። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲያዩት ደንግጠው ቆሙ። ባሕር ዳር ድረስ ያሞገሳቸውን ሰው በማግሥቱ ቢያባርር መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነው። ጃንጥላውን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ዓርብ ዓርብ ወንዛዬ ይሂዱ» አላቸው። «ነግረውኝ ግን። ሲሄዱም ጋቢዎን ይዘው ይሂዱ።»