ቧንቧ ሠራተኛው ባሌና ሳንባው ውስጥ ያለው ውሃ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ውሃ ሲያስተካክል ኖሮ የራሱ ሳንባ ውሃ ቋጠረ። ጉድ በሉ! ያውም ሐኪሟ ስታስረዳው እሱ ሊያስተምራት ይቃጣዋል።

«አባቴ፣ ልብዎ ደክሟል» አለችው። «ደሙን በደንብ መግፋት ሲያቅተው ወደ ኋላ ይጠራቀምና ውሃው ሳንባ ውስጥ ይሰርጋል። ጋደም ሲሉ የሚያፍንዎት ለዚህ ነው።»

«ፓምፕ ሲደክም ውሃ ፎቅ አይደርስም እንጂ ቤት አያጥለቀልቅም!»

«ከታች መምጣቱን ያላቆመውስ የት ይሂድ?» አለችውና የሚያሸና ኪኒን አዘዘችለት።

ኪኒኑ ሠራ። የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ ጫማው ገባለት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን እንዳይታፈን ሲተኛ የሚደራርበው ትራስ ከሁለት ወደ አራት አደገ። ደረጃ ሲወጣ በየሦስተኛው ይቆምና ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳውን ይመረምራል። «ቀለሙ ተላልጧል» ይለኛል።

«ኪኒኑን ትውጣለህ?»

«እንዴታ!»

ውሸታም! የመፍቻ ሳጥኑን ብከፍት ኪኒኑ ከብሎን ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል። አፋጥጬ ስይዘው ተናዘዘ። አንድ ጠዋት ኪኒኑን ውጦ አንዲት ወይዘሮ ቤት ይሄዳል። ሽንት ቤቱን ፈታቶ መሬት ላይ ዘርግቶት ሳለ ሽንቱ መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ደግሞ እሱ የፈታው ብቻ ነው። መፍቻውን እንደያዘ በየጎረቤቱ እየሮጠ «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ እባካችሁ ሽንት ቤት አስገቡኝ» ቢል፣ ሦስተኛዋ ሴትዮ «እግዜር ነው ያመጣህ፣ የኛም ተደፍኗል!» ብላ እጁን ይዛ አስገባችው።

«ከዚያ ወዲያ በቃኝ። ከመዋረድ መሞት ይሻላል» አለኝ።

«ለማን ነው የሚሻለው?» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። ንዴት መሰለው፤ ፈርቼ ነው እንጂ። ጨቅጭቄው የማልጠግበው ሰውዬ ዓይኔ እያየ በገዛ ውሃው ሊሰጥምብኝ ነው።

በማግስቱ እየጎተትኩ ሐኪሟ ፊት አቆምኩት። የሆነውን ስነግራት እሷ እንኳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «የሚውጡበትን ሰዓት እናስተካክላለን፤ መተው ግን የለም» አለችው። አሁን ከሥራ ሲመለስ ነው የሚውጠው፣ እኔ ፊት፣ አፉን ከፍቶ እያሳየኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለት ትራስ ብቻ አድርጎ ተጋደመ። እኔ ጓዳ ቆሜ ጆሮዬን አቆምኩ። ትንሽ ቆየና ማንኮራፋት ጀመረ፤ ጎረቤት እስኪሰማ አንኮራፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በክርኔ እጎሽመው ነበር።

«እሰይ፣ አንኮራፋ የኔ ጌታ» አልኩ።