የሐመልማል ዓይንና የእናቷ ምስክርነት

የካ አባዶ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ ሐመልማልን የማያውቅ የለም። ታዋቂ ያደረጓት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንጦጦ ላይ ማይክራፎን ጨብጠው «ልጄ ዓይኗ በጸበል በራላት» ብለው ከመሰከሩ ወዲህ፣ ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኛት ቆም ብሎ ዓይኗን ዓይኗን ያያል። ያን ቀን እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። የእኔና የእነሱ በር ፊት ለፊት ነው፤ እንጦጦም አብሬያቸው ወጥቼ ነበር፣ እልልታዬ ደግሞ በደንብ ይሰማል። አሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ዓይኗ እንዳልበራ የነገረችኝ ራሷ ሐመልማል ናት፤ ያውም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ።

ልጅቷ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ መነጽር አድርጋለች። የሩቁን አታይም። መስታወቱ ወፍራም ስለነበር የክፍሏ ልጆች «አራት ዓይና» ይሏት ነበር። ስታድግ ስድቡ ቀረ፣ እፍረቱ ግን አብሯት አደገ። ፎቶ ልትነሳ ስትል መነጽሯን ታወልቅና ካሜራው የት እንዳለ ሳታውቅ ትስቃለች። ጉርድ ሾላ አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ በእንግዳ ተቀባይነት ስትቀጠር፣ በመጀመሪያ ደመወዟ ኮንታክት ሌንስ ገዛች፤ ዓይን ላይ የሚለጠፍ፣ ካልነገሩት ሰው የማያውቀው ስስ ነገር። ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ዓይን ውስጥ ጣት መክተት ማለት ራስን ማሳወር ነው ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው።

እናት በዚያው ሰሞን ለልጃቸው ዓይን ሰባት ቀን ሱባኤ ያዙ። ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከሐመልማል ጋር እንጦጦ ይወጣሉ። እሷም ስድስቱን ቀን መነጽሯን አውልቃ፣ በእናቷ እጅ እየተመራች ተጠመቀች። በሰባተኛው ቀን ሥራ ረፈደባት። እናቷ ጸበሉን በሃይላንድ ሊቀዱ ሲሰለፉ፣ እሷ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሌንሷን አደረገች። ሐሳቧ እስከ ታክሲው ድረስ እንደ ወትሮው ተመርታ መውረድና እዚያ መለያየት ነበር።

ግን ወሬ ትወዳለች። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከታችኛው መታጠፊያ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሸከመች ሴት ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ያቺን ሴትዮ እያት፤ ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ በጨርቅ አስራዋለች» አለች ሐመልማል።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ መጀመሪያ ሴትዮዋን ለማየት ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሃይላንዱ ከእጃቸው ወደቀ። እዚያው ኮረኮንቹ ላይ ተንበርክከው መሬት ሳሙ፣ እልል አሉ፣ ተነሥተው የልጃቸውን ዓይኖች እያለቀሱ አንድ በአንድ ሳሙ።

«እማዬ፣ ቆይ አንዴ...» ብላ ነበር። እናቷን እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይታ አታውቅም። ማታ እነግራታለሁ አለች። ማታው አለፈ። ነገ አለች። በወሩ በዓል እናቷ ማይክራፎኑን ሲይዙ ሐመልማል አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ይዛ ነበር። አጥማቂው አባ ሠረቀብርሃን «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሆኖም ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» ብለው ነበር። በእኛ እልልታ መሀል ማን ሰማቸው!

ስምንት ወር እንዲህ ኖረች። ሌንሱን ሽንት ቤት ቆልፋ ታደርጋለች፣ ቆልፋ ታወልቃለች፤ እናቷ አብረዋት በተኙ ሌሊትማ ሳታወልቅ ታድራለች። በመጨረሻ ዓይኗ ደም ለበሰ። የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ኤቢሳ አይቶ ተቆጣ።

«ይኼን ነገር ዛሬውኑ ታቆሚያለሽ። መነጽር ካልፈለግሽ ዓይንሽን በሌዘር ማስተካከል እንሞክራለን። ግን ከዓይን ልኬቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሌንስ የለም፣ መነጽር ብቻ። ያለዚያ ልኬቱ ይሳሳታል።»

ከክሊኒኩ ስትወጣ ያሰበችውን ስትነግረኝ መሬት መሬት እያየች ነበር። ሌዘሩን ከተሠራች በእውነት ያለ መነጽር ታያለች፤ የእናቷም ምስክርነት ሳይነካ ይኖራል። የሚያስቸግሯት እነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻ ናቸው። መሠራቷን የወሰነችው ለዓይኗ ብላ ሳይሆን ለውሸቷ ብላ ነው። ለእናቷ «አዳማ ሥልጠና ተልኬያለሁ» አለቻቸውና ሻንጣዋን አዘጋጀች።

እንዲህ ዓይነት ብልጠት ያናድደኛል። የምናደደው በእሷ ብቻ አይደለም ታዲያ፤ እኔም ሥልጠናውን አምኜ ልሸኛት ዳቦ ጋግሬ ሄጃለሁ።

እኔ እዚያ ሳለሁ እትዬ በለጡ መጡ። ከምድር ቤት የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት ናቸው። የዓይን ግፊት አለባቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጠብታ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሲገቡ ግራ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ለመንገዷ ያመጡትን ቆሎ ሲሰጧት ደግሞ እጃቸውን የዘረጉት ከእሷ አልፈው ነው።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ምን ሆኑ?» አለች ሐመልማል።

«በግራ በኩል ጭጋግ ብጤ አለብኝ። ሊበራ ሲል ነው ትለኛለች እናትሽ።»

«ጠብታውስ?»

«ከአንቺ በኋላ ደሞ ምን ጠብታ አለ!» ብለው ሳቁ።

ሐመልማል ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ዶክተር ኤቢሳ የነገራት አጭር ነበር፤ በግፊት የጠፋ ዓይን አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን ዛሬውኑ ይምጡ። ተመልሳ ገባችና «እትዬ፣ ጠብታዎን ይቀጥሉ፣ ሐኪም ቤትም አብረን እንሂድ» አለቻቸው።

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪኝ? በዓይንሽ ተአምር ያየሽው?» አሉና ቆሎውን ይዘግኑ ጀመር።

እናቷም «ተይ እንጂ፣ እምነቷን አታናጊባት» ብለው ገሠጿት።

ሽንት ቤት ገባች። ቆየች። እኛ ስለ ውኃ መጥፋት እያወራን ነበር። ስትወጣ ያ ወፍራም መነጽር ዓይኗ ላይ አለ።

ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሌንሱን፣ ልብስ መቀየሪያውን፣ አዳማ የሚባል ሥልጠና አለመኖሩን። «ጸበሉን አላማሁም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። እንባዋ በመነጽሯ ሥር ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ አልጮኹም። ቢጮኹ በተሻለ ነበር።

«ማይክራፎኑን ስይዝ አጠገቤ ነበርሽ» አሉ።

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

«እጄን ይዘሽ።»

«አዎ።»

ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡና ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ምንጣፉን አያለሁ።

እትዬ በለጡን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የግራው ዓይን አብዛኛው ሄዷል። የቀኙ በጠብታ ይጠበቃል ተባለ።

ሐመልማል አዳማም፣ የትም አልሄደችም። ሁለቱን ሳምንት መነጽሯን አድርጋ በብሎካችን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ሰነበተች። ሰው ያያታል፣ ከኋላዋ ይንሾካሾካል፤ አንዳንዱ «ጸበሉ ለቀቃት እንዴ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ለጠየቃት ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ትናገራለች፣ በተናገረች ቁጥርም እስከ ጆሮዋ ትቀላለች። እናቷ በቀን ስንት ቃል እንደሚያወጡላት እኔ አውቃለሁ፤ «ብዪ» እና «በሩን ዝጊ»። ብቻቸውን እንጦጦ ወጥተው ለአባ ሠረቀብርሃን ነግረዋቸዋል። ምን እንዳሏቸው ለማንም አልተናገሩም።

የልኬቷ ቀንና የእትዬ በለጡ ቀጠሮ አንድ ቀን ዋለ። አብረው ሄዱ። ዶክተር ኤቢሳ ውጤቱን አይቶ «ለሌዘር ትሆኛለሽ፤ ቀን ልያዝልሽ?» አላት።

«ይቅርብኝ» አለች።

«ለምን?»

ዓይኗ ወደ እትዬ በለጡ ሄደ። እሳቸውም ከወንበራቸው ላይ አንገታቸውን እስከ መጨረሻው አዞሩ፤ ሐመልማል የተቀመጠችው በግራቸው ነበርና እንደዚያ ካልዞሩ አያዩአትም።

«ስሚ፣ የኔ ዓይን በአንቺ መነጽር የሚመለስ መሰለሽ?» አሏት በቁጣ። «ደግሞ አንቺን ብቻ አምኜ አይደለም ጠብታውን የተውኩት። ያቃጥለኝ ነበር፣ ምክንያት ነው የፈለግሁት። አሁን በኔ እያመካኘሽ በራስሽ ላይ ቅጣት አትፍረጂ። ተሠሪ። ተሠርተሽ ደግሞ፣ ማን እንደሠራሽ ለጠየቀሽ ሁሉ ንገሪ።»

ሐመልማል ቀኑን አስያዘች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ፣ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር ብላኛለች። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ እትዬ በለጡ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። የመጣችው በግራቸው ነው። ስማቸውን ጠርታ ክንዳቸውን እስክትይዝ ድረስ አላዩአትም፤ በሌላው በኩል ትመጣለች ብለው እየጠበቁ ነበር።