ጠግበን ነው የመጣን

አገልግሉን ስከፍተው መጀመሪያ የሚመታኝ የቆዳው ሽታ ነው። ከቆዳው ሥር ደግሞ የድሮ ቅቤና የበርበሬ ሽታ አለ፤ ስንት ጊዜ ባጥበው፣ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ባሰጣው አይለቅም። የእናቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቆጡ አውርጄ ስወለውለው፣ የተቋጠረውን ማሰሪያውን ጣቴ ነካው። እሱ የተበጠሰው ጎንደር ነው፤ ለጥምቀት በሄድን ጊዜ።

ልጄ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ትላንት ደወለችና «እማዬ፣ ለጥምቀት ነይ። የምንበላበትን ቤት መርጫለሁ፣ ጓደኞቼም ይመጣሉ። ስንቅ ምናምን እንዳትሸከሚ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ ፈሪ ነኝ እህቴ፤ አልደብቅሽም። መንገዱን እፈራለሁ። ስልኳ ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር፣ እስክትመልስልኝ ድረስ ቁጭ ማለት አልችልም። ትላንት የፈራሁት ግን ሌላ ነው። እሱ እንዲገባሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም ወዲያ አልገፋሁበትም። ቤታችን ኮሶዬ፣ ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ በራፋችን ድረስ ይመጣል። የጎረቤታችንን ልጅ አጎቷ ጎንደር ወስዶ ሆቴል አስገብቷት ነበርና፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «ጥብሱ በሸክላ ላይ እየጮኸ ነው የሚመጣው! አንቺ በሕልምሽም አታዪው» ትለኛለች፣ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ። ተመልሼ እናቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣታለሁ። በመጨረሻ መረራትና «በቃ! ለጥምቀት እወስድሻለሁ፤ ሆቴልም እንገባለን። ብቻ አፍሽን ዝጊልኝ» አለች።

ሆቴል ልንገባ ቃል ተገብቶ ሳለ፣ ዶሮ ሠርታ አገልግሉን ጢም አድርጋ ሞላችው። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብላት፣ «የሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም» አለችኝ።

ገሃዱን ጾመን አድረን፣ ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። አባቴ ከብቱን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ጎንደር ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከበሮው፣ እልልታው፣ የአዲስ ነጠላው ሽታ! ጠበሉ ተረጭቶብን ቀሚሴ ከገላዬ ተጣብቋል። ታቦቱን ሸኝተን ስናበቃ ግን የራበኝ ረኃብ ዛሬም ሆዴ ውስጥ አለ። ከአንድ ሆቴል በር የሽንኩርትና የሥጋ ጭስ ወጣና አፍንጫዬን ያዘው። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ። ገባን።

ወንበሩ ቀይ ነበር፤ ስቀመጥበት እንደ ሰው ተነፈሰ። አስተናጋጇ ወገቧ ላይ ጨርቅ የታጠቀች ቀጭን ልጅ ናት። መጥታ «ምን ላምጣላችሁ?» አለች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ፈገግ ብላ፣ «አይ ልጄ፣ አትድከሚ። ጠግበን ነው የመጣን» አለቻት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

ገንዘብ አጥታ አይምሰልሽ፤ ቅቤ ሸጣ ቋጥራ ነበር የመጣችው። ሆቴል እንደሚከፈልበትም ታውቃለች። ግን በእኛ አገር ብሉ ሲሉሽ ዘለሽ እጅሽን አትዘረጊም። መጀመሪያ በልተናል ትያለሽ። ይለምኑሻል። ሁለተኛም እምቢ ትያለሽ። በሦስተኛው በሞቴ ሲሉሽ ያኔ ጠጋ ትያለሽ። ሆዳም እንዳይሉሽ ነው፤ ባለቤቲቱንም ማክበር ነው። እናቴ የምታውቀው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ተቀምጠን መለመናችንን ጠበቅን።

ማን ይለምነን! ሸክላው እየጮኸ በፊታችን ያልፋል፤ ለወዲያኛው ጠረጴዛ፣ ለወዲህኛው ጠረጴዛ። እንደተባለው ነበር፣ በእርግጥም ይጮሃል። «እናቴ፣ ጥሪያት» ስላት፣ «ዝም በይ፣ አሁን ይመጡና ይለምኑናል» አለችኝ በከንፈሯ። እንደ ማርያም ታምናቸው ነበር።

የመጣው የሆቴሉ ባለቤት ነው። በሩ ላይ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። «እማማ፣ የማትበሉ ከሆነ ቦታውን ልቀቁልን» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ምነው የኔ ጌታ? እንግዳ እንዲህ ይባላል? አንድ ጊዜ እንኳ ብሉ ሳትሉን?»

«ተጠይቃችሁ ጠግበናል አላችሁ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ርቦኛል ልበልህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጎረምሳ ከጥግ ሆኖ «ኧረ በሞቴ በሏት እባካችሁ፣ ሰርግ የመጣች መስሏታል!» አለ። ባለቤቱም ሳቀና «ሆቴል ነው እማማ፣ የሰርግ ቤት አይደለም» አላት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተነሳሁት። ጆሮዬ እሳት ሆነ። ቀስ ብዬ ከወንበሩ ወረድኩና በሩ ጋ ሄጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። አንዲት ሴት እየሳቀች «ያቺ ሴትዮ እናትሽ ናት?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

እናቴ ትስማ አትስማ ዛሬም አላውቅም። ዞር ስል እናቴ አገልግሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ማሰሪያውን በንዴት ስትጎትተው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ክዳኑ ሲነሳ የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞላውና ሳቁ ቆመ። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ ጽሑፍ እየጠቆመ «ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው!» አላት ባለቤቱ።

«ማንበብ አልችልም» አለችው። «ማብላት ግን እችላለሁ። እናንተ ካልለመናችሁን እኔ እለምናችኋለሁ። ኑ፣ ብሉ!»

እንጀራውን ዘረጋችው። መጀመሪያ ያጎረሰችው አስተናጋጇን ነው። «ኧረ ሥራ ላይ ነኝ እማማ» አለች ልጅቷ። «ብዪ ልጄ።» «ኧረ ተዪኝ።» «በሞቴ!» አፏን ከፈተች። አኝካ ሳትጨርስ ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ «እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፣ ከሳንጃ» አለች፣ «በሞቴ ያለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።» ከዚያ ያ ጎረምሳ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሁለት ሽማግሌዎችም ተነሱ። ባለቤቱ ብቻ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ለእሱም ጉርሻውን ይዛ ሄደች፤ ሦስቴ በሞቴ አለችው፣ ሦስቴ ፊቱን አዞረ። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ኋላ ፊቱ ባለው ሳህን ላይ አኖረችለትና «ግድ የለም፣ ሲርብህ ትበላዋለህ» ብላው፣ ባዶውን አገልግል በብብቷ ይዛ ወጣች። ስትራመድ አሁን ሳስበው እንደ ንግሥት ነው፤ ያኔ ግን ቶሎ ቶሎ በሄደች ነበር ምኞቴ።

የነገሥታቱ ግንብ ቅጥር ሥር ደርሰን፣ የዋርካ ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ነጠላዋን ሳብ አደረገችና ጫፉ ላይ የቋጠረችውን ፈታች። እንቁላል ነው፤ ወጡ ነጠላዋን አቅልሞታል። ያ ሁሉ ሰው ሲጎርስ ደብቃ ያስቀረችልኝ።

«ብዪ» አለች።

«አልራበኝም።»

«ብዪ እንጂ።»

«በልቻለሁ» አልኳት። የት እንደበላሁ እንጃ።

እንቁላሉን ወደ አፌ አስጠጋች። «በሞቴ» አለች ከዚያ።

በላሁት። እያለቀስኩ በላሁት።

ሆቴሉ ዛሬ ፈርሶ ሌላ ፎቅ ተሠርቶበታል ይላሉ። እናቴም በሞቴ እንዳለች ሞተች፤ ያን ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ይቅር በይኝ አላልኳት። ከዛሬ ነገ ስል፣ ሞት ቀደመኝ።

እና አሁን ልጄ የመረጠችውን ቤት ፎቶ ልካልኛለች። ወንበሩ ቀይ አይደለም፤ መብራቱ ሸጋ ነው። ጓደኞቿ የሐኪምና የመምህር ልጆች ናቸው። አስተናጋጁ ሲጠይቀኝ አፌ ለምዶበት «ጠግበን ነው የመጣን» ይል ይሆናል። ሰው ይስቅ ይሆናል። ልጄ ያኔ ከወንበሯ ተነስታ በሩ ጋ ትቆም ይሆን? ሌሊቱን ስፈራ ያነጋሁት ይህንን ነው።

ይሁን። አትሸከሚ ያለችውን እሸከማለሁ። ዶሮው ተሠርቷል፤ ማሰሪያውንም በአዲስ ጠፍር ቀጥዬዋለሁ። ከሁሉ ፊት እዘረጋዋለሁ፤ ሳህኑ ፊት እጁን አጣጥፎ ለሚቆመውም ሦስቴ በሞቴ እለዋለሁ። ልጄም ብትፈልግ ጀርባዋን ትስጠኝ፤ እኔም ሰጥቻለሁ።

ብቻ ወጡን ሳወጣ አንዱን እንቁላል ለብቻ አስቀርቻለሁ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ።