እናቴ የሰገደችበት ቀይ መንገድ

ይህ የደረሰብን ባለፈው ሰኔ፣ ለእረፍት አምስተርዳም በሄድንበት ጊዜ ነው። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ። ይህን ግን ልርሳው ብልም እምቢ አለኝ።

ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ብስክሌተኛ የሚወድ ባለታክሲ ካለ እስካሁን አላየሁም። መንገዱ ሁሉ ባይክ ሌን ለሚሉት የብስክሌት መስመር እየተቆረሰ፣ ዳንዳስ ጎዳና ላይ አንድ ተሳፋሪ ማውረድ እንኳ ጭንቅ ሆኗል። ቤት ስገባ ጃኬቴን ሳላወልቅ እነሱን መራገም እጀምራለሁ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ፣ "ተው ልጄ፣ የሰው ልጅ አትራገም" ትለኛለች። እኔ እቴ! አልሰማትም ነበር።

እግዜር ሲፈርድብኝ ታዲያ ለእረፍት የሄድኩት የት ሆነና? ብስክሌት ከሰው ወደሚበዛበት ከተማ! እህቴ ሂሩት እዚያ ስለምትኖር እናቴ "ሳልሞት ቤቷን ልይ" ብላ ነው። ጉድ እኮ ነው። ባለ ከረባቱ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም ብስክሌት ላይ ነው።

ሂሩት ገና አየር ማረፊያ ስትቀበለን፣ "ቀዩ አስፋልት የብስክሌት ነው፤ እንዳትረግጡት" ብላ አስጠንቅቃን ነበር። የሰማኋት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በዚያን ሰዓት ሻንጣዋ ውስጥ ያለው በርበሬ አለመፍሰሱን እያየች ነበር።

በማግስቱ የሰኔ ሚካኤል ሆነ። ሂሩት ሥራ ገባች፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሩቅ ነው። እናቴ አኮረፈች።

"የሚካኤልን ዕለት እንደ አረመኔ ሶፋ ላይ ተጎልቼ ልዋል?" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ምን ላድርግ፣ ያገኘነውን ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ብዬ ይዣት ወጣሁ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ትልቅ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አገኘን።

"እማዬ፣ የእኛ እኮ አይደለም" አልኳት።

"መስቀሉን አታየውም እንዴ? ከደጁ እሳለመዋለሁ" አለች።

በሩ ክፍት ከሆነ ብዬ ጠጋ አልኩ። ዝግ ነው። ዞር ስል እናቴ ጫማዋን አውልቃለች። ለካ በደጁ የሚያልፈው ቀይ መንገድ ለእሷ ምንጣፍ ነው! ንጹሕ ነው፣ እግረኛ አይረግጠውም። ሰው የማይረግጠው ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር ብሎ መሰላት። በባዶ እግሯ መሐል ገባችና ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደች።

"እማዬ! ኧረ ተነሺ!"

ከመታጠፊያው አንዲት ሴት ስትበር መጣች። ብስክሌቷ ከፊቱ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለው። የቆመ ሰው ቢሆን ይታያት ነበር፤ መሬት ላይ የተደፋውን ግን ሳጥኑ ከለለባት። የኔን ጩኸት ሰምታ ነው መሰል ደወሏን ደወለች። እናቴ ደወሉን ስትሰማ ጭራሽ አጎነበሰች። በቅዳሴ ቃጭል ሲመታ ልማዷ እንዲያ ነው።

ሴትዮዋ ያየቻት ልትደርስባት ስትል ነው። መሪውን ጠመዘዘችው። ብስክሌቱ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ሳጥኑ በአፍጢሙ ተደፋ። ክርኗ ተልጦ ደም እያንጠባጠበ ወደ ሳጥኑ ስትድህ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ውስጡ ልጅ አለ።

ድምፅ የለም። ወላጅ የሆነ ያውቀዋል፤ ልጅ ወድቆ ቢያለቅስ እሰየው ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። ሳጥኑን አብሬያት አነሣሁ። ልጅ ገደልን፣ አልኩ በልቤ።

አንድ ፍሬ ልጅ በቀበቶ እንደታሰረች ተንጠልጥላለች። ዓይኗ ፈጧል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ትንፋሽ ግን የለም። እናቷ ቀበቶውን ፈታ አቀፈቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ልጅቷ እሪ አለች! እኔ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ስድቡን ጠበቅኩ። እኔ ብሆን ሰፈሩን አናውጠው ነበር። እናቴ ግን ቀድማ ሴትዮዋ እግር ሥር ወደቀች። "ማሪኝ ልጄ፣ በሚካኤል ማሪኝ" እያለች ጫማዋን ትስማለች። ሴትዮዋ ክው አለች። ልጇን በአንድ እጇ እንዳቀፈች፣ እናቴን በሌላው ከመሬት ለማንሣት ትታገል ጀመር። ደሟ እየፈሰሰ በእንግሊዝኛ የጠየቀችኝ "እናትህን ገጨኋት እንዴ? ደህና ናት?" ብላ ነው።

የሆነውን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያኑን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከዳር የተቀመጠውን ጫማ አየች። ሄዳ ጫማውን አነሣችና አምጥታ እናቴ እግር አጠገብ አስቀመጠችላት። እኔ ትልቁ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ቶሮንቶ ከተመለስን ከረምን። ድሮ ለሥራ ስወጣ እናቴ "በሰላም ግባ" ነበር የምትለኝ። አሁን "ስትነዳ ያቺን ልጅ እያት" ትለኛለች። ልጅቷ ከባሕር ማዶ እንዳለች አጥታው አይደለም።

እኔም ዳንዳስ ላይ አንድ ብስክሌት ከጎኔ ሲመጣ ያ ዝምታ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። የሚጋልበው ጢማም ጎረምሳ ቢሆንም ያው ነው። ተሳፋሪዬን "ቆይ፣ በሩን አትክፈት" እላለሁ። ከኋላዬ ያለው ባለመኪና ከፈለገ ጥሩምባውን ሲነፋ ይዋል፤ እኔ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።