አጸደ ማርያም የት ደረሰች?

ልጅ ሳለሁ፣ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ከአያቴ ከእማማ ወርቄ ጋር ስኖር፣ ክረምት በገባ ቁጥር መብራት ይጠፋ ነበር፤ ያኔ የመብራት መጥፋት ለእኛ ለልጆች በዓል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እማማ ኩራዟን ለኩሳ፣ ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት እያገላበጠች፣ ጢሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተረት ትጀምራለች። ሰሚዎቿ እኔና የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ ከድጃ ነበርን። ከድጃ አማርኛና ኦሮምኛውን አደባልቃ «ከዚያ ማል ሆነች?»፣ ምን ሆነች ለማለት፣ ስትል፣ እማማ አታርማትም። «ማል ትሆናለች፣ ሮጠች እንጂ» ብላ ትቀጥላለች።

እማማን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበረች ብል ያንስባታል። ኪዳን ሳታደርስ እህል አትቀምስም። አንድ ጊዜ እግሯ አብጦ ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ ቢከለክላት፣ «እሱን ማን ሾመው? እኔን የምታነሣኝ እመቤቴ ናት» ብላ አጥር አጥሩን ይዛ ሄዳለች። ደግ ነበረች፤ ግትርም ነበረች፤ ተጠራጣሪነቷንማ ተዉት። የክርስትና ስሟን ለማንም፣ ለወለደቻቸው ልጆቿ እንኳ አትናገርም። አገር ቤት ሳለች ታላቅ እኅቷ በስሟ መተት ተሠርቶባት ሞተች ብላ ታምን ነበር። «የክርስትና ስም የነፍስ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ደጅ ጥሎ የሚተኛ ማን አለ?» ትለኛለች። የእኔንም ለሰው እንዳልናገር ጆሮዬን ይዛ አስምላኛለች።

ከተረቶቿ ሁሉ የምወደው የአጸደ ማርያምን ነበር። አጸደ ማርያም ከእናቷ ቤት ወጥታ ቡና ወደሚበቅልበት አገር ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ናት። ጅብ መንገድ ላይ ያገኛትና «ስምሽ ማነው?» ይላታል፤ «መንገደኛ» ትለዋለች። ሽፍታ ያገኛትና «ስምሽ ማነው?» ይላታል፤ «የእናቴ ልጅ» ትለዋለች። ጊቤ ስትደርስ ወንዙ ሞልቷል። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ አሻጋሪ ቆሟል። «እኔ ስሟን ያልነገረችኝን አላሻግርም» ይላታል። ልጅቷ ወደ ጅቡ አገር ዞራ ታያለች፣ ውኃውን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብላ «አጸደ ማርያም» ትለዋለች። እዚህ ላይ እማማ ድምጿን ዝቅ ስለምታደርገው እኔና ከድጃ ፍሙን ተሻግረን እንጠጋት ነበር። ሽማግሌውም በትከሻው ተሸክሞ ያሻግራታል።

«ከዚያስ፣ ቡናው አገር ደረሰች?» እንላታለን።

«ገና ናት። መንገድ ላይ ናት።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የሌላውን ተረት ሁሉ «አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ስትዘጋ፣ ይኼኛውን እንደተከፈተ ትተወዋለች። እኔ እናደዳለሁ፤ ከድጃ ደግሞ እንቅልፏ ይጠፋል።

ይባስ ብሎ ጎህ ሲቀድ፣ እማማ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትጸልይ፣ «እመቤቴ፣ አጸደ ማርያምን አደራ» ስትል እሰማታለሁ። ያኔ ለዚያች ለመንገደኛዋ ልጅ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ጭቃ በእግሯ፣ ምስኪን፣ እያልኩ አዝንና እኔም ከብርድ ልብሴ ውስጥ «አደራ» እል ነበር።

እማማ ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። እኔ አጋሮ ነው የማስተምረው፤ ተረድቼ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጎረቤቱ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሞልቷል። ፍትሐት ሊያደርሱ የመጡት ቄስ ለሰፈሩ አዲስ ነበሩ።

«የእናታችን የክርስትና ስም ማን ይባላል?» አሉ።

ከሸቤ የመጣው አጎቴ፣ የበኩር ልጇ፣ መሬት መሬት አየ። የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ለሱባኤ ገዳም ገብተው ስልካቸው አይሠራም።

«ወለተ ማርያም መሰለኝ፤ ማርያምን ትወድ የለ» አለች አክስቴ።

«እናቴ፣ መሰለኝ ተብሎ አይፈታም» አሉ ቄሱ፣ በቀስታ።

ዕድሜዋን ሙሉ ከደጀ ሰላም ያልጠፋች ሴት፣ የሞተውን ሁሉ ስም እየጠራች ስታስብ የኖረች ሴት፣ የራሷ ስም ሳይጠራ ልትሸኝ ነው። ተበሳጨሁባትም፤ እንዲህ አርጎ መደበቅ ምንድን ነው? ለአንዳችን እንኳ ብትነግሪ ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ። እንዲህ ስል ነው የከሰሉ ፍም፣ ጊቤ፣ ያ ዝቅ ያለ ድምጿ የመጣብኝ።

«አጸደ ማርያም ነው» አልኩ።

«እሱ የተረቷ ልጅ ስም አይደለም እንዴ?» አለች አክስቴ። «አሁን የተረት ሰዓት ነው?»

«ጎህ ሲቀድ ስትጸልይም በዚህ ስም ነበር።» ግን ማን ያምነኛል?

ከሴቶቹ መሃል እትዬ ዘሀራ ከድጃን ተደግፈው ተነሡ።

«ኤዬ፣ እኔም ሰምቻታለሁ» አሉ። «ለሱብሒ ሶላት ስነሣ ሁሌ ከአጥሩ ወዲያ ይሄንኑ ስም ትጠራለች። ወላሂ፣ የሞተች እኅቷ መስላኝ፣ አላህ ይዘንላት እል ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር አለፈ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «ሰው በጸሎቱ ፈጣሪው ፊት የሚቆመው በዚህ ስሙ ነው» አሉና መስቀላቸውን አነሡ። አጎቴ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ የእናቱን ስም ገና ያን ቀን ሰምቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቄሱ የአጸደ ማርያምን ነፍስ ማርልን ሲሉ ከድጃ እጄን ጭምቅ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ደረሰች በያ?»

«ደረሰች» አልኳት።

እማማ ስሟን ደብቃን የኖረች ይመስለን ነበር፤ እሷ ግን በየክረምቱ፣ ከበቆሎው ጋር፣ በእጃችን ስታስይዘን ኖራለች። መናገሩን ፈርታ ተረት አለበሰችው እንጂ መጥራቱን አልተወችም። አሁን አጋሮ መብራት ሲጠፋ ያንኑ ተረት ለልጄ አወራላታለሁ፤ ጅቡም ሽፍታውም ጊቤም እንዳሉ ናቸው። የመንገደኛዋን ስም ብቻ በራሴው የክርስትና ስም ለውጬዋለሁ። ልጄ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለእናንተ ግን አልነግራችሁም።